እጅ ሲያንስ ማን ይቅደም? «ታካሚው እጅ እንጂ ኮምፒውተር አይፈልግም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ባለን የጤና ባለሙያዎች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ርእሱ «ታካሚው እጅ እንጂ ኮምፒውተር አይፈልግም» ይላል። ጸሐፊው በአካል ተሃድሶ ሥራ ብዙ የደከሙ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የተቃወሙት፣ ባለሙያውን በውሳኔ የሚያግዙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ወደ ዘርፉ ይግቡ የሚለውን ሐሳብ ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የታካሚውን መዝገብ አይተው ለባለሙያውና ለኃላፊው ሐሳብ ያቀርባሉ። ማን መቅደም አለበት? ማን ስንት ጊዜ ይመላለስ? የማን ሰው ሠራሽ እግር መቀየሪያው ደረሰ? ማን ከሕክምና ጠፋ?

የጸሐፊው መከራከሪያ ባጭሩ ይህ ነው። ባለሙያ በሌለበት ኮምፒውተር ቅንጦት ነው። መብራትና ኔትወርክ አያስተማምንም። ማሽኑ የባለሙያውን ቦታ ይወስዳል። ፕሮግራሙ የተሠራው በሌላ አገር ሰው መረጃ ነው። የታካሚ ምስጢር ይወጣል። በዚያ ላይ ሥራ ይደራረባል።

እኔም ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የምሠራውም እዚሁ ባሕር ዳር ነው። ካነሷቸው ነጥቦች የምስማማባቸው አሉ። መደምደሚያቸው ግን የሚጎዳው ሊከላከሉለት የፈለጉትን ያንኑ ታካሚ ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አንድ ባለሙያ ለመቅጠር በጀት የለም እየተባለ ለኮምፒውተር ገንዘብ ማውጣት ግፍ ነው» ብለው ይጀምራሉ።

እጥረቱን ማንም አይክድም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ብዙ አገሮች ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 10 የሠለጠነ የተሃድሶ ባለሙያ እንኳ አይደርስም። በዓለም ላይ ደግሞ ተሃድሶ ሊጠቅመው የሚችል የጤና ችግር ያለበት ሰው ወደ 2.4 ቢሊዮን ይጠጋል። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። እኛ ጋ ከአዊ፣ ከምዕራብ ጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደር፣ ከጣና ደሴቶች ሳይቀር ሰው ወደዚህች ከተማ ይመጣል። በባጃጅ አደጋ እግሩ የተሰበረ፣ ስትሮክ የመታው፣ በእሳት የተቃጠለ፣ ስኳር እግሩን ያሳጣው፣ ወጌሻ ጋ ቆይቶ መገጣጠሚያው የደረቀበት፣ ሁሉም አንድ በር ላይ ነው የሚሰለፈው።

ታዲያ ከዚህ የሚከተለው ጸሐፊው ካሉት ተቃራኒው ነው። ባለሙያ ሲበዛ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ ብዙ አያስጨንቅም፤ ቢዘገይም ለሁሉም ይደርሳል። ባለሙያ ሲያንስ ግን የቀኑ ትልቁ ውሳኔ እሱ ነው። ይህ ውሳኔ ዛሬም በየጠዋቱ ይወሰናል። ቀድሞ የመጣ ይገባል። ቅርብ የሚኖር ይገባል። ለትራንስፖርት የማይቸገር ይገባል። ሰው የሚያውቅ ወይም አስታማሚው ጠንከር ያለ ይገባል። ማንም በክፋት ያመጣው ነገር አይደለም። ዝርዝር ስለሌለ ነው። የማንንም ስም ያልያዘ ውሳኔ ስለሆነ ደግሞ ማንም አይጠየቅበትም።

ሁለት ሰው አንድ ቀን መጡ እንበል። አንዱ የሽምብጥ ነዋሪ ነው፤ ወገቡን ካመመው ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሌላዋ ከዘጌ የመጡ እናት ናቸው፤ ስትሮክ ከመታቸው ገና ሁለት ሳምንታቸው ነው። ሁለቱም ያማቸዋል፤ ሁለቱም መታየት አለባቸው። ነገር ግን ከስትሮክ በኋላ ማገገም ፈጣን የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው። የወገብ ሕመምተኛው ሁለት ሳምንት ቢጠብቅ ብዙ አይጎድልበትም። ለእናታችን ግን ሁለት ሳምንት ብዙ ነው። በወረፋ ቁጥር ሁለቱ እኩል ናቸው። መዝገቡን የሚያነብ ፕሮግራም ቢኖር የእሳቸውን ስም ከላይ ያወጣዋል። ጥሩ ባለሙያም ይህን ያውቃል። ችግሩ ባለሙያው የሚያውቀው በሩን አልፎ የገባውን ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ፈጽሞ ያላነሱት ነገር አለ። የወረቀት መዝገባችን የመጣውን ይጽፋል፤ የቀረውን አይጽፍም።

ቆልማማ እግር ይዞ የተወለደ ሕፃንን እንውሰድ። ፖንሴቲ በሚባለው ዘዴ እግሩ በየሳምንቱ እየተስተካከለ ጄሶ ይደረግለታል። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጄሶ ይበቃዋል። አብዛኞቹ ሕፃናት ከዚያ በኋላ የተረከዝ ጅማታቸው በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይለቀቅላቸዋል። ቀጥሎ ልዩ ጫማ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያም እስከ 4 ዓመት ገደማ በእንቅልፍ ጊዜ ይደረጋል። እግሩ ተመልሶ እንዲቆለመም ከሚያደርጉት ምክንያቶች ዋናው ይህን ጫማ ማቋረጥ ነው። እናቲቱ ሦስተኛው ጄሶ ላይ ብትቀር ማን ያውቃል? ጫማው ጠቦት ልጁ እያለቀሰ ብታወልቀውስ? ያን ሳምንት ካርዱን የሚያወጣው የለም። ልጁ ተመልሶ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ በጠማማ እግሩ እየሄደ ነው። ሕክምናው ያኔ ከባድ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት «ባለፈው ሳምንት መምጣት ሲገባቸው ያልመጡ» የሚል አንድ ገጽ የሚያወጣ ፕሮግራም ይህን ልጅ ያድነዋል። ይህ ቅንጦት ነው ወይ?

ሰው ሠራሽ እግርም እንደዚሁ ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እንደሚያስረዳው በማደግ ላይ ያለ ልጅ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ያስፈልገዋል። አዋቂ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይቀይራል። ይህ የሚታወቅ ቀን ነው። መዝገቡ በኮምፒውተር ከተያዘ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት የስንት ልጅ መቀየሪያ እንደሚደርስ ከወዲሁ ይታያል። ያኔ ለሥራ ክፍሉ ስንት የፖሊፕሮፒሊን (የፕላስቲክ) ሉህ፣ ስንት ሰው ሠራሽ ጉልበት፣ ስንት የሕፃን እግር እንደሚታዘዝ በግምት አይወሰንም። ዛሬ እቃው ያለቀው ታካሚው ከመጣ በኋላ ነው የሚታወቀው። ከእንጅባራ መጥቶ «እቃ የለም፣ ሌላ ጊዜ ና» የተባለ ሰው ያንን ሌላ ጊዜ ላይመጣ ይችላል።

«እጅ እንጂ ኮምፒውተር አይፈልግም» ለሚለው ርእሳቸው ደግሞ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ኒውዚላንድ ውስጥ ስትሮክ ለመታቸው ሰዎች የተዘጋጀ ፕሬፕ 2 የሚባል የውሳኔ መንገድ አለ። ባለሙያው ሕመሙ በደረሰ በ3 ቀን ውስጥ ሁለት ነገር ያያል። ታካሚው ክንዱን ከትከሻው ወደ ጎን ማንሳት ይችላል ወይ? ጣቶቹን መዘርጋትስ? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 5 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ዕድሜው ከ80 በታች ከሆነ እጁ በጣም ጥሩ ሆኖ የመመለስ ተስፋ አለው። ከ5 በታች ከሆነ ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደው መስመር በማግኔት መሣሪያ ይፈተሻል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ከፕሬፕ 2 በፊት የነበረውን ፕሬፕ የተባለ ቅጂ ውጤት ለክቷል። ባለሙያዎቻቸው ይህን ትንበያ ያገኙ ታካሚዎች በአማካይ 11 ቀን ሆስፒታል ተኙ፤ ትንበያው ያልነበራቸው 17 ቀን። የእጃቸው ማገገም አልተጎዳም። አልጋው ግን ለሌላ ሰው ቶሎ ተለቀቀ።

የማግኔቱ መሣሪያ የሁሉም ሆስፒታል አይደለም። የመጀመሪያው እርምጃ ግን የባለሙያው እጅና ዓይን ብቻ ይበቃዋል። ማለትም እጅና ኮምፒውተር ተጣልተው አያውቁም። እጅ የለካውን ነገር ነው ፕሮግራሙ የሚያስታውሰው፣ ከሌላው ጋር የሚያስተያየው፣ ቀጣዩን እርምጃ የሚጠቁመው።

ሁለተኛው ነጥባቸው የመብራትና የኔትወርክ ነው። «ባንክ ሄደን ሲስተም የለም እየተባልን ስንመለስ ታካሚንም ሲስተም የለም ልንለው ነው ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ልክ ነው። ይህ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት አጥቶ ቆይቷል። እንደገና አይደርስም ብሎ መማል አይቻልም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግን በኢንተርኔት ላይ ብቻ የቆመ ፕሮግራም አትግዙ የሚል ነው። የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የሚባል የጤና መረጃ ሥርዓት የስልክና የታብሌት መተግበሪያ አለው። ኔትወርክ ሳይኖር መረጃ ይመዘግባል፤ ሲገኝ ይልካል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለዚሁ ሥርዓት የሚሆን የተሃድሶ መረጃ ጥቅል አዘጋጅቷል። ስለዚህ ከዜሮ አንጀምርም። መብራት ባለበት ሰዓት የሳምንቱን ዝርዝር አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍም ይቻላል። ወረቀቱ መብራት ሲጠፋ አብሮ አይጠፋም።

ሦስተኛው፣ ማሽኑ የባለሙያውን ቦታ ይወስዳል የሚለው ነው። ይህ ፍርሃት የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማይሲን የሚባል ፕሮግራም ተሠርቶ ነበር። ለከባድ ኢንፌክሽን የትኛው መድኃኒት ይሰጥ የሚለውን ይመክራል። በፈተና ከባለሙያዎች ጋር ተወዳድሮ ጥሩ ውጤት አመጣ። ሆኖም በሕክምና ላይ ሳይውል ቀረ። ከሥራው ጋር አልተዋሃደም ነበርና። ከዚያ በኋላ የመጡት ፕሮግራሞች ሌላ መንገድ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ 70 ሙከራዎችን መረመረ። ከእነዚህ 68 በመቶ በሚሆኑት የባለሙያው አሠራር ተሻሽሏል። ከሁሉም የተሻሉት አራት ነገር ያሟሉት ነበሩ። ምክሩ በሥራው መሐል በራሱ ይመጣል። ምን ቢደረግ እንደሚሻል ይናገራል። ውሳኔው በሚወሰንበት ቦታና ሰዓት ይደርሳል። የሚሠራውም በኮምፒውተር ነው። አራቱንም ካሟሉ 32 ፕሮግራሞች 30ዎቹ ለውጥ አምጥተዋል። በእነዚህ ሁሉ ወሳኙ ባለሙያው ነው።

እኔን የሚያሰጋኝ ከማሽኑ ይልቅ ማሽኑን እንደ አዛዥ የሚያይ አሠራር ነው። አንድ ቀን የካርድ ክፍል ሠራተኛ ታካሚን «ሲስተሙ አልፈቀደም» ብሎ ቢመልሰው ጸሐፊው የፈሩት ሁሉ ደረሰ ማለት ነው። ኃላፊውም «ውጤቱ ዝቅተኛ ነው፤ ይሄኛው አይድንም፤ ቦታ አይያዝለት» ማለት ከጀመረ ያው ነው። ፕሬፕ 2 ራሱ በትክክል የሚተነብየው ለ75 በመቶ ያህሉ ታካሚ ነው። ከአራት ሰው አንዱ ላይ ይስታል። በእንዲህ ያለ ትንበያ ተመርኩዞ ሰውን ከሕክምና ማስቀረት በደል ነው። ስለዚህ ሕጉ ከመጀመሪያው መጻፍ አለበት። ባለሙያው ከፕሮግራሙ ሐሳብ መለየት ይችላል። ሲለይ ምክንያቱን በአንድ መስመር ይጽፋል። የተጻፉት ምክንያቶች በየወሩ በጋራ ይነበባሉ። ከዚያ ንባብ ፕሮግራሙም ይታረማል፣ እኛም እንማራለን።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉም ይበልጥ ያስቆመኝ ነው። «የፈረንጅ ሰውነት ለክቶ የተሠራ ሚዛን የእኛን ሰው አይመዝንም» ይላሉ።

በዚህ ብዙ እስማማለሁ። የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴን የሚለካው የባርተል መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ነው። 10 ጥያቄ አለው፤ ሙሉ ነጥቡ 100 ነው። ደረጃ መውጣትን ይጠይቃል። ደቅ ደሴት የሚኖር ገበሬ ግን በሳር ቤቱ ምን ደረጃ አለው? እሱን የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ከታንኳ መውረድ እችላለሁ ወይ? ቁጢጥ ብዬ መጸዳዳትስ? መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ያለ ሰው እርዳታ መነሳትስ? ቅዳሴ እስኪያልቅ በመቋሚያ መቆምስ? ዘጌ ቡና የምትለቅም ሴት እጇን ከትከሻዋ በላይ ማንሳቷ ኑሮዋ ነው። እነዚህን የማይጠይቅ ፕሮግራም «ድኗል» ብሎ ያልዳነን ሰው ያሰናብታል።

የሚለካው ነገር አድልዎ እንደሚያመጣም በሌላው ዓለም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአሜሪካ በስፋት ይሠራበት የነበረን አንድ ፕሮግራም መረመረ። ፕሮግራሙ ተጨማሪ እርዳታ ማን ይፈልጋል የሚለውን የሚገምተው በሚወጣለት የሕክምና ወጪ ነበር። ለጥቁር ታካሚዎች የሚወጣው ገንዘብ ያንስ ስለነበር እኩል ታመውም ጤነኛ መስለው ታዩ። ስሕተቱ ቢታረም ተጨማሪ እርዳታ ከሚያገኙት መካከል የጥቁሮች ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ ከፍ ይላል።

እኛ ጋ ተመሳሳይ ስሕተት በየት እንደሚገባ አሁኑኑ ማየት ይቻላል። በቀጠሮ መገኘት በሚለው ነው። «ሁለት ጊዜ የቀረ ታካሚ ፍላጎት የለውም፤ ከዝርዝር ይውጣ» የሚል ሕግ በቀላሉ ይጻፋል። የደቅ ሰው ግን የቀረው ጀልባ ስላጣ ወይም ሐይቁ ስለተናወጠ ነው። ገበሬው አዝመራ ላይ ነው። ሌላው መንገድ ተዘግቶበታል። ይህ ሕግ ከገባ ፕሮግራሙ የከተማውን ሰው እየመረጠ ያስታምማል፤ የሐይቁን ሰው ይጥላል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ሲቀር ስሙ ጎልቶ ይውጣ። ቀበሌው ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይነገራት። እሱ ሲመጣም በአንድ ቀን ብዙ ነገር እንዲያልቅለት ቀጠሮው ይገጣጠምለት፤ ለቤቱ የሚሆን ልምምድም አስታማሚው ይማርለት።

ታዲያ ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «የራሳችን መረጃ እስኪኖረን እንጠብቅ» ይላሉ። እዚህ ላይ ነው የምንለያየው። የራሳችን መረጃ ከየት ይመጣል? ዛሬ ካልመዘገብን የዛሬ አምስት ዓመትም አይኖረንም። የዓለም የጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ስለ ተሃድሶ ባሳለፈው ውሳኔ አገሮች የተሃድሶ መረጃን በጤና መረጃ ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያጠናክሩ ጠይቋል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ያስተምራል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ባለሙያዎችን ያስመርቃል። የታንኳውንና የመቋሚያውን ጥያቄ የያዘ መለኪያ ለማዘጋጀት ከእነዚህ የቀረበ ሰው የለም። ጥያቄዎቹን ከታካሚዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ መምረጥ ነው የሚቀረው።

ስለ ምስጢር ያነሱትን ባጭሩ ልለፈው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ ምስጢር ይጠብቃል የሚለውን ግምታቸውን አልቀበልም። ካርድ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ ያለፈ ያገደመ ሲያነበው የሠራሁበት ቦታ አለ። ማን እንዳነበበው ማወቂያ መንገድ አልነበረም። በኮምፒውተር ግን ማን፣ መቼ፣ የማንን መዝገብ እንደከፈተ ይመዘገባል። ሕጉም አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስቀምጦታል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው፤ የጋራ የይለፍ ቃል ይከልከል።

የመጨረሻው የሥራ መደራረብ ነው። በዚህ ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ፤ እንዲያውም እሳቸው ያለዘቡት ይመስለኛል። ባለሙያው አንዱን ታካሚ ካርድ ላይ፣ መዝገብ ላይ፣ የወር ሪፖርት ላይ ይጽፋል። አራተኛ ቦታ ጻፍ ቢባል በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል፤ ቢተወውም አልፈርድበትም። ስለዚህ ማንም ኃላፊ ፕሮግራም ሲያስገባ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስጠን። የትኛው የወረቀት መዝገብ እንደሚቀር፣ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቀር፣ የወር ሪፖርቱም ከዚያው ከፕሮግራሙ በራሱ እንደሚወጣ። ይህን ያልያዘ ፕሮጀክት ከመጣ ጸሐፊው ተቃውሞ ሲጽፉ እኔም አብሬያቸው እፈርማለሁ።